የወታደሩ ጆሮ የማን ዕዳ ነው? የንግግርና የመስማት ሕክምና እንዴት ሙያ ሆነ

(በጽሑፉ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1944 የአሜሪካ ጦር ያልተዘጋጀበት ቁስለኛ ገጠመው። ወጣቱ ወታደር ከግንባር ሲመለስ እጁም እግሩም ሙሉ ነው። ፋሻ የለበትም፣ ክራንች አልያዘም። ግን ከኋላው ስሙን ሲጠሩት አይዞርም። ሰው ሲያዋራው ከንፈር ከንፈሩን እያየ ፈገግ ይላል እንጂ ምን እንደተባለ አያውቅም። መድፍ፣ ቦምብና የአውሮፕላን ሞተር የውስጥ ጆሮውን ጎድተውታል።

ይህን ሰው ማን ይርዳው? የአንገት በላይ ሐኪሙ ጆሮውን መርምሮ "የሚቀደድም የሚሰፋም ነገር የለም" ይላል። የመስሚያ መሣሪያ ነጋዴው መሣሪያውን ሸጦ ይሸኘዋል። መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምረው መምህር ደግሞ ሥራው ከሕፃናት ጋር ነው። በሦስቱ መካከል ባለው ክፍተት ወታደሩ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

ጦሩ ለዚህ ሥራ ሦስት ሆስፒታሎችን ለየ፤ ቦርደን በኦክላሆማ፣ ሆፍ በካሊፎርኒያ፣ ዴሾን ደግሞ በፔንሲልቬንያ ግዛት በበትለር ከተማ። የባሕር ኃይሉም በፊላደልፊያ የራሱን ከፈተ። ወደ ዴሾን የተላከው ሬይመንድ ካርሃርት የሚባል ሰው ነበር። ሐኪም አይደለም። በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ንግግርን ያጠና መምህር ነው። ጦሩ የሻምበልነት ማዕረግ ሰጥቶ ለነዚህ ወታደሮች አንድ ነገር አድርግላቸው አለው።

ካርሃርት ጆሮው ምን ያህል እንደተጎዳ ከመለካት አልፎ ሰውየው ምን ያህል ንግግር እንደሚገባው መለካት ጀመረ። አንዱን መሣሪያ ያስደርገዋል፣ ቃላት ያሰማዋል፣ ስንቱን እንደያዘ ይቆጥራል። ከዚያ ሌላውን መሣሪያ ይሞክርለታል። ጎን ለጎን ወታደሩ የከንፈር ንባብ ይማራል፣ በቀረው መስማት መጠቀምን ይለማመዳል፣ የራሱን ድምፅ በደንብ ስለማይሰማ አነጋገሩ እንዳይበላሽ ይሠለጥናል። ከዚህ ሥራ አዲስ ሙያ ወጣ፤ ኦዲዮሎጂ። ካርሃርት ዛሬም የሙያው አባት ተብሎ ይጠራል።

የዛሬው መከራከሪያዬ እንግዲህ ይህ ነው። አለመስማትና መንተባተብ ከሰው ልጅ ጋር አብረው የኖሩ ናቸው። ሙያዎቹ ግን የአንድ ክፍለ ዘመን ዕድሜ ብቻ ነው ያላቸው። ችግሩ ሺህ ዓመታት ኖሮ ሙያው ለምን ዘገየ? ታሪኩን ስመለከተው መልሱ አንድ ይመስለኛል፤ ሕመም ብቻውን ሙያ አይወልድም። ሙያ የሚወለደው አንድ አካል "ይህ ሰው የእኔ ዕዳ ነው" ብሎ በጀት ሲመድብ ነው። ወደ ኋላ ሄደን እንየው።

◾ ጠጠርና ቢላዋ

የግሪኩ ተናጋሪ ዴሞስቴንስ አነጋገሩን ለማቃናት አፉ ውስጥ ጠጠር ይዞ ይለማመድ እንደነበር ፕሉታርክ ጽፎልናል። እውነትም ይሁን ተረት፣ ታሪኩ አንድ ነገር ይነግረናል። በዚያ ዘመን የሚንተባተብ ሰው ሐኪሙ ራሱ ነበር።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን በስፔን ፔድሮ ፖንሴ ዴ ሊዮን የሚባል መነኩሴ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ማንበብ፣ መጻፍና መናገር አስተማረ። ልጆቹ የመኳንንት ልጆች ነበሩ። የሚከፍል አባት ስላለ መምህር ተገኘላቸው። የገበሬው መስማት የተሳነው ልጅ ግን ከብት ሲጠብቅ ኖሮ ሞተ። የድሃውም ልጅ እንዲማር በር የከፈተው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስ የምልክት ቋንቋን ተጠቅሞ ትምህርት ቤት ያቋቋመው ቄስ ደ ሌፔ ነው።

የሚንተባተቡት ዕጣ የባሰ ነበር። በ1841 ዲፈንባክ የሚባል ስመ ጥር የበርሊን ቀዶ ሐኪም መንተባተብን አድናለሁ ብሎ የሰዎችን ምላስ ከሥሩ መቁረጥ ጀመረ። የኤተር ማደንዘዣ በአደባባይ የታየው ከዚያ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑን አስቡት። ሌሎች ሐኪሞችም ተከተሉት። ስህተቱ ቀላል ነው፤ ችግሩ በምላስ ስለሚሰማ ምንጩም ምላስ መሰላቸው።

◾ "ታን"

በ1861 ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ የሚባል ሐኪም አንድ በሽተኛ መጣለት። ሰውየው የሚባለው ይገባዋል፣ ሊመልስም ይሞክራል፣ ከአፉ የሚወጣው ግን "ታን" የሚል ድምፅ ብቻ ነው። በሆስፒታሉ ስሙ ራሱ ታን ሆኖ ነበር። ሲሞት ብሮካ አንጎሉን መረመረ። በግራ በኩል ከፊት ለፊት የተጎዳ ስፍራ አገኘ። በ1874 ደግሞ ካርል ቬርኒከ የተባለ የ26 ዓመት ጀርመናዊ ሐኪም የተቃራኒውን ዓይነት ገለጸ፤ ሰውየው ያለ ችግር ያወራል፣ ወሬው ግን ትርጉም የለውም፣ የሚባለውም አይገባውም።

ከዚያ ወዲያ ምላስን መቁረጥ ምክንያት አጣ። ንግግር የአንጎል ሥራ መሆኑ ታወቀ። ዛሬ ስትሮክ መትቶት አንደበቱ የተያዘ ሰው በብዙ አገሮች የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያ የሚመደብለት ከዚህ እውቀት ተነስቶ ነው። ይሁን እንጂ ብሮካና ቬርኒከ ችግሩ የት እንዳለ አሳዩ እንጂ ታንን መልሶ የሚያናግር ባለሙያ አልፈጠሩም። እውቀቱ መጣ፣ ሙያው ገና ነው።

◾ ቤልና ሚላኖ

አሌክሳንደር ግራሃም ቤልን የምናውቀው በስልክ ነው። እሱ ግን መስማት የተሳናቸው መምህር ነበር። እናቱ መስማት የተሳናት ናት፣ ሚስቱም እንዲሁ። አባቱ የንግግር ድምፆችን በአፍ አቀማመጥ የሚያሳይ የምልክት አጻጻፍ ፈጥሮ በ1867 አሳትሟል። ልጁ በዚያ ዘዴ በቦስተን ሲያስተምር ቆይቶ ነው በ1876 የስልክን የፈጠራ መብት ያገኘው። የድምፅ ጉልበት የሚለካበት ዴሲቤልም ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይጨልማል። ቤልና መሰሎቹ መስማት የተሳነው ሰው በአፉ መናገር አለበት ብለው አመኑ። በ1880 ሚላኖ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የመምህራን ጉባኤ በትምህርት ቤቶች የምልክት ቋንቋ ቀርቶ በአፍ ብቻ እንዲማሩ ወሰነ። ውሳኔውን ያሳለፉት የሚሰሙ ሰዎች ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ከጥቂት በቀር በአዳራሹ አልነበሩም። ከዚያ ወዲያ በአውሮፓና በአሜሪካ ትውልድ ሙሉ ልጆች በእጃቸው በመነጋገራቸው ተቀጡ። የዚያው ጉባኤ ተከታይ በ2010 ቫንኩቨር ላይ ተሰብስቦ የሚላኖውን ውሳኔ በመጸጸት የገለበጠው ከ130 ዓመት በኋላ ነው።

ይህን የማነሳው ዕዳ መክፈልና ባለ ዕዳውን መጠየቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው። መርዳት የፈለጉ ሰዎች የሚረዱትን ሰው ሳይጠይቁ የሚያደርሱት ጉዳት ከቸልተኝነት ላያንስ ይችላል።

◾ 1925

በጥቅምት 1925 የእንግሊዙ ንጉሥ ሁለተኛ ልጅ፣ የዮርኩ መስፍን፣ በዌምብሌይ ንግግር ሊያደርግ ማይክሮፎን ፊት ቆመ። ቃላቱ ጉሮሮው ላይ ቀሩ፣ አገር ሰማ። በቀጣዩ ዓመት ሊዮኔል ሎግ የሚባል አውስትራሊያዊ ዘንድ ሄደ። ሎግ የሕክምና ዲግሪ አልነበረውም፤ የንግግር ጥበብ መምህርና አማተር ተዋናይ ነበር። ልምዱን ያገኘው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፍንዳታና በድንጋጤ አንደበታቸው ተይዞ የተመለሱ ወታደሮችን በመርዳት ነው። ልብ በሉ፤ ንጉሡን ያዳነው እጅ በተራ ወታደር ላይ የሠለጠነ ነው። መስፍኑ ኋላ ጆርጅ ስድስተኛ ተብሎ ነገሠ፣ በመስከረም 1939 ጦርነቱ ሲታወጅም በሬዲዮ ለሕዝቡ ተናገረ። የእንግሊዝ የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች በ1945 ኮሌጃቸውን ሲያቋቁሙ ሎግ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር።

በዚያው በ1925 መጨረሻ፣ ከአትላንቲክ ማዶ፣ ጥቂት አሜሪካውያን ተሰብስበው የንግግር ማረሚያ አካዳሚ የሚል ማኅበር መሠረቱ። ከመሪዎቹ አንዱ የአይዋ ዩኒቨርሲቲው ሊ ኤድዋርድ ትራቪስ ነው። የዚህ ማኅበር ስም ለውጦች ብቻቸውን ታሪክ ናቸው። መጀመሪያ "ማረሚያ" ነበር፤ የሚናገረው ሰው ጥፋተኛ ይመስል። በ1927 "የንግግር ችግሮች ጥናት ማኅበር" ሆነ። በ1947፣ እነ ካርሃርት ከጦር ሆስፒታል ከተመለሱ በኋላ፣ "የንግግርና የመስማት ማኅበር" ተባለ። በ1978 "ቋንቋ" የሚለው ቃል ገባ፤ ድምፅ አጥርቶ ማውጣትና ሐሳብን በቋንቋ መግለጽ የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸው ታምኖበታልና።

ከሙያው ቀደምት ሰዎች ውስጥ ዌንደል ጆንሰንና ቻርልስ ቫን ራይፐር ራሳቸው ይንተባተቡ ነበር። ችግሩን ከውስጥ የሚያውቁ ሰዎች መግባታቸው ለሙያው ትልቅ ነገር ነው። ለስህተት ግን ዋስትና አልሆነም።

◾ የዳቨንፖርት ልጆች

በ1939 በጆንሰን አማካሪነት ሜሪ ቱዶር የምትባል የድኅረ ምረቃ ተማሪ በአይዋ ግዛት በዳቨንፖርት ከተማ በሚገኝ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ጥናት አደረገች። ልጆቹ 22 ነበሩ። በደንብ ከሚናገሩት መካከል የተወሰኑትን "እየተንተባተብክ ነው፣ ካልተስተካከልክ አትናገር" እያለች ምን እንደሚከተል ተመለከተች። ልጆቹ ዝም ማለት ጀመሩ፣ ክፍል ውስጥ ሲጠየቁ አፈሩ፣ መናገር ፈሩ። ጥናቱ ሳይታተም ተቀበረ። ጋዜጣ ያወጣው በ2001 ነው። ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ ጠየቀ። በ2007 ግዛቱ 925,000 ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ ያኔ ከተጎጂዎቹ ግማሾቹ ሞተው ወራሾቻቸው ነበሩ የተቀበሉት።

ለምን ወላጅ አልባ ልጆች ተመረጡ? የሚከራከርላቸው ስላልነበረ ነው። የማንም ዕዳ ያልሆነ ልጅ የማንም መሞከሪያ ይሆናል።

◾ ከሆስፒታሉ ወደ ሕዝቡ

ወደ በትለር እንመለስ። ጦርነቱ ሲያበቃ ካርሃርት ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ ኦዲዮሎጂን ማስተማር ጀመረ። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤትም ክሊኒኮችን ከፈተ። እስከ ዛሬ በዚያ መሥሪያ ቤት ከሚካሱ የአገልግሎት ጉዳቶች በብዛት የሚመሩት የጆሮ ጩኸትና የመስማት ጉዳት ናቸው።

እንግሊዝ በ1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎቷን ስትጀምር ሜድሬስኮ የተባለውን የመስሚያ መሣሪያ ለዜጎች በነፃ አደለች። በአሜሪካ በ1975 የወጣው ሕግ አካል ጉዳተኛ ልጅ ሁሉ በነፃ የመማር መብት እንዳለው ሲደነግግ የንግግርና ቋንቋ ባለሙያ በትምህርት ቤት ውስጥ ቋሚ ሰው ሆነ። በ1978 እንግሊዛዊው ዴቪድ ኬምፕ ጤናማ የውስጥ ጆሮ ለድምፅ ምላሽ እሱም ደካማ ድምፅ እንደሚያወጣ አሳየ። በዚህ ግኝት የተኛ አራስ ልጅ ጆሮ በደቂቃዎች መመርመር ተቻለ። የመስማት ጉዳቱ ከስድስት ወር በፊት ተደርሶበት እርዳታ ያገኘ ልጅ በቋንቋ እድገቱ ዘግይቶ ከተደረሰበት በእጅጉ እንደሚሻል በ1998 የታተመ ጥናት አረጋገጠ።

እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ሳይንስ አለ። ከሳይንሱ አጠገብ ግን ሁልጊዜ ሕግ ወይም በጀት አለ።

ለማያውቃቸው ሰው ሁለቱን ሙያዎች በአጭሩ ልለያቸው። ኦዲዮሎጂስት መስማትንና ሚዛን መጠበቅን ይለካል፣ የመስሚያ መሣሪያ መርጦ ያስተካክላል፣ ከዚያም ሰውየው በመሣሪያው መኖርን እስኪለምድ ይከታተላል። የንግግርና ቋንቋ ባለሙያው፣ በተለምዶ ስፒች ቴራፒስት የምንለው፣ መንተባተብን፣ የዘገየ ንግግርን፣ ከላንቃ መሰንጠቅ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያለውን አነጋገር፣ ከስትሮክ በኋላ የጠፋ ቋንቋን፣ የመዋጥ ችግርን ሳይቀር ያክማል። ሁለቱም ከአንገት በላይ ሐኪሙ ጎን ይሠራሉ፤ ቦታውን ግን አይወስዱም፣ እሱም የነሱን አይተካም።

◾ እኛስ?

ከቋንቋችን ልጀምር። "ደንቆሮ" የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ የማይሰማና የማያውቅ። አንድ ቃል ሁለቱን ሲሸከም ፍርዱ ገና ከቃሉ ተፈርዷል። "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" የሚለው ተረታችን የተነገረው ስለ ሐሜት ቢሆንም እዚህም ይሠራል፤ መስማቱ ቀስ በቀስ የሚደክም ሰው ብዙ ጊዜ መጨረሻ የሚያውቀው ራሱ ነው። ልጅ ሲሆን ደግሞ "አይሰማም" የሚለው ቃል ራሱ "አይታዘዝም" ማለት ስለሆነ ሕክምና የሚገባው ልጅ ኩርኩም ይደርሰዋል።

ያለን ነገር ዜሮ አይደለም። መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተከፈቱ ትምህርት ቤቶች በአገራችን ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል። የንግግርና ቋንቋ ሕክምናም በዩኒቨርሲቲው ሥልጠና ሆኗል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው ሪፖርት እንደሚለው ከድሃ አገሮች 93 በመቶው ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ኦዲዮሎጂስት እንኳ የላቸውም። ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የንግግር ባለሙያ ያላቸው 17 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። ይኸው ሪፖርት ለመስማት ጤና የሚውል 1 ዶላር 16 ዶላር ያህል እንደሚመልስ፣ የልጆች የመስማት ጉዳት 60 በመቶ ያህሉም መከላከል የሚቻል እንደሆነ ይናገራል። በማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ላለች፣ የጆሮ መግል "ያድጋል ይተወዋል" በሚባልባት አገር ይህ ቁጥር ወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም።

"ባለሙያ ከውጭ እናስመጣ" የሚል ካለ ደግሞ ይህን ልጠይቀው። "ገና" በሉ። ነኑን ብታላሉት "ገና አልመጣም" የምንለው ነው፤ ብታጠብቁት የልደት በዓል ነው። "ዋና" ሲላላ የውኃ ዋና፣ ሲጠብቅ ዋናው ጉዳይ። "ጠ"ን፣ "ጨ"ን፣ "ቀ"ን ከእንግሊዝኛ ፈልጉ፣ አታገኟቸውም። ካርሃርት ወታደሮቹን የለካቸው በእንግሊዝኛ ቃላት ነው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ የሚናገር ሰው መስማትም ሆነ አነጋገር የሚለካው በራሱ ቋንቋ በተዘጋጀ መለኪያ ነው። መለኪያውን የሚሠራው የቋንቋው ልጅ የሆነ ባለሙያ ነው። በውጭ አገር ያላችሁ ወላጆችም ልብ በሉ፤ የልጃችሁ ቅላጼ ልዩነት ነው እንጂ ሕመም አይደለም፣ ሁለት ቋንቋ መስማትም የንግግር መዘግየት አያመጣም።

አሁን ወደ አነሳሁበት ጥያቄ ልምጣ። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት መድፍ፣ ሮኬትና ድሮን ሲጮህ የከረመው በሰው ጆሮ ላይ ነው። በዚያ ወገንም በዚህም ወገን የተዋጋው ወጣት፣ በመካከል የነበረው ገበሬና ሕፃን፣ ሁሉም ጆሮ አላቸው። ከዚያም ወዲህ የጥይት ድምፅ ያልራቃቸው አካባቢዎች አሉ። በተሃድሶ እንዲያልፉ የታቀዱት የቀድሞ ተዋጊዎች ብቻ ከ370 ሺህ በላይ ናቸው። እጁን ያጣ ተዋጊ ይታያል፣ ይቆጠራል። መስማቱን ያጣው ግን ተራ ሲጠራ ስላልሰማ ተራው ያልፈዋል፣ ሥልጠና ሲሰጠው አልገባህም ይባላል፣ ቤቱ ሲመለስ "ተለውጧል፣ አይነጋገርም" ይሉታል።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ በማንኛውም የተሃድሶ ማዕከል ተዋጊው ሲመዘገብ የመስማት ምርመራ ከቅጹ አንድ መስመር ይሁን። በጦርነት አካባቢ ላለው ሲቪልም በጤና ጣቢያ እንዲሁ።

ሁለተኛ፣ አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ሁሉ ጆሮው ይታይ። የሚማረው በጆሮው ነውና።

ሦስተኛ፣ ባለሙያ ስናሠለጥን የመደብ ደመወዝ አብሮ ይታሰብ። የሥራ መደብ የሌለው ሙያ ተመራቂውን ወይ ለውጭ አገር ወይ ለሌላ ሥራ ያስረክባል።

አራተኛ፣ መስማት የተሳናቸው ዜጎች ውሳኔው በሚወሰንበት አዳራሽ ይኑሩ። ሚላኖን አንድገም።

"ዳቦ በሌለበት የጆሮ ምርመራ?" የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን አንድ ነው፤ የማይሰማ ሰው ሥራ ሲያጣ፣ የማይሰማ ልጅ ትምህርት ሲያቋርጥ ዳቦው የሚቀንሰው ከዚያው ቤት ነው። አሜሪካ ሦስቱን ሆስፒታሎች የከፈተችው ጦርነቱ እየነደደ፣ በጀቷ በጦር መሣሪያ ተይዞ ሳለ ነው። የላከችውን ልጅ ጆሮ ከመድፉ ዋጋ ጋር አብራ አስባዋለች።

በቤታችሁ፣ ድንገተኛ ድምፅ የማያስደነግጠው ሕፃን፣ ዓመት ተኩል አልፎት አንድም ቃል ያልወጣው ልጅ፣ ጆሮው ደጋግሞ መግል የሚያወጣ፣ ወይም ከስትሮክ በኋላ ቃል የጠፋበት አዋቂ ካለ "ይተወዋል" ብላችሁ አትጠብቁ፤ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ጽሑፉን ለመምህራንና ለወላጆች አጋሩልኝ።